የፒኤችፒ ተለዋዋጮች የያዙትን አጥርቶ ማየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ በባሕር ዳር ፒኤችፒ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ የሚማሩና በእሱም የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ ምሳሌዎቹ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴቶች የሚሄዱ የጀልባ ተሳፋሪዎችን ከሚመዘግብ አንድ የመለማመጃ ገጽ የተወሰዱ ናቸው፤ የፋንክሽኖቹ ስሞችም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ተጽፈዋል።

ተለዋዋጩን በኤኮ ሳትመው «አሬይ» የሚል ቃል ብቻ የሚወጣው፣ አንዳንዴም ምንም የማይወጣው ለምንድን ነው?

ኤኮ የተባለው የማተሚያ ትእዛዝ ማተም የሚችለው ስትሪንግን ማለትም ጽሑፍን ብቻ በመሆኑ፣ የተሰጠውን ነገር ሁሉ አስቀድሞ ወደ ስትሪንግ ለመለወጥ ይሞክራል። ብዙ ዋጋዎችን የያዘ አሬይ ሲሰጠው ግን ይዘቱን ትቶ «አሬይ» የሚለውን ቃል ብቻ አትሞ ያልፋል። ይህ ከፒኤችፒ 8.0 በፊት ቀላል ማሳሰቢያ ብቻ ያስከትል ነበር፤ ከ8.0 ወዲህ ማስጠንቀቂያ ሆኗል።

ከአሬዩ ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ባዶ ሆኖ የሚወጣው ነው። ትሩ (እውነት) በኤኮ ሲታተም 1 ይሆናል፤ ፎልስ (ሐሰት)፣ ነል (ዋጋ የሌለው) እና ባዶ ስትሪንግ ግን ሦስቱም አንዲት ምልክት እንኳ ሳይተዉ ያልፋሉ። «ተሳፋሪው ከፍሏል ወይ?» የሚለውን ተለዋዋጭ አትማችሁ ገጹ ላይ ምንም ባይወጣ፣ ተሳፋሪው አልከፈለም ማለት ይሁን፣ ከዳታቤዙ ምንም አልመጣም ማለት ይሁን ወይም የቅጹ ሳጥን ባዶውን ተልኮ ይሁን ኤኮ ሊነግራችሁ አይችልም። ስለዚህ ስሕተት በሚፈለግበት ጊዜ ኤኮን ጨርሶ መተው ይሻላል።

ታዲያ ፕሪንት_አርን ልጠቀም ወይስ ቫር_ዳምፕን?

ፕሪንት_አር የአሬይን ቅርጽ ማለትም የትኛው ቁልፍ በየትኛው ሥር እንዳለ ለዓይን በሚመች መንገድ ያሳያል፤ የዋጋዎቹን ዓይነት ግን አይናገርም። በእሱም ቢሆን ፎልስ፣ ነል እና ባዶ ስትሪንግ ባዶ ሆነው ነው የሚወጡት። ቫር_ዳምፕ በአንጻሩ የእያንዳንዱን ዋጋ ዓይነት፣ ስትሪንግ ከሆነም ርዝመቱን በቅንፍ ጨምሮ ይጽፋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከቅጽ በሚመጣ መረጃ ላይ ነው። ከቅጽ የሚላክ የጽሑፍ ዋጋ ሁሉ፣ ቁጥር ቢሆንም እንኳ፣ ወደ ፒኤችፒ የሚደርሰው ስትሪንግ ሆኖ ነው። ተሳፋሪው ሦስት መቀመጫ ሲይዝ ፕሪንት_አር «3» ብሎ ያልፋል፤ ቫር_ዳምፕ ግን ስትሪንግ የሆነ፣ ርዝመቱ 1 የሆነ «3» መሆኑን ይነግራችኋል። በሦስት የእኩል ምልክት ከቁጥሩ 3 ጋር የሚደረገው ንጽጽር ለምን እንደወደቀ ያን ጊዜ ይገባችኋል። የስልክ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ በ0 የሚጀምረው ባለ 10 አሐዝ ቁጥር በመንገድ ላይ ወደ ኢንቲጀር ማለትም ወደ ሙሉ ቁጥር ተለውጦ ከነበረ ፊተኛው 0 ጠፍቶ 9 አሐዝ ብቻ ይቀራል፤ ዓይነቱን ያየ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ያውቃል። እኔ መጀመሪያ ቫር_ዳምፕን አስቀድሜ፣ የአሬዩ ቅርጽ ብቻ ሲያስፈልገኝ ፕሪንት_አርን እጠቀማለሁ፤ ለጀማሪም የምመክረው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

ውጤቱ በብራውዘር ላይ በአንድ መስመር ተጨናንቆ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ፒኤችፒ መስመሮቹን ከፋፍሎ ልኳቸዋል፤ የሚያጨናንቃቸው ብራውዘሩ ነው፤ ምክንያቱም በኤችቲኤምኤል ሕግ ተከታታይ ክፍት ቦታዎችና አዲስ መስመሮች እንደ አንድ ክፍት ቦታ ይቆጠራሉ። ውጤቱን «ፕሪ» በተባለው ታግ መክፈቻና መዝጊያ መካከል ማተም መስመሮቹን እንዳሉ ያቆያቸዋል። ኮዱን መንካት ካልፈለጋችሁ ደግሞ ኮንትሮልንና ዩን አንድ ላይ ተጭናችሁ የገጹን ምንጭ ብታዩ እዚያ በሥርዓት ተደርድሮ ታገኙታላችሁ።

«ፕሪ» የማይፈታው አንድ ነገር አለ። ተለዋዋጩ ራሱ የኤችቲኤምኤል ታግ ከያዘ ብራውዘሩ ታጉን ስለሚተረጉመው ከዓይናችሁ ይሰወራል። በዚህ ጊዜ ፕሪንት_አርን በሁለተኛው መለኪያው ትሩ ብላችሁ ውጤቱን እንዲመልስ አድርጉና፣ የመለሰውን የታግ ምልክቶችን ወደ ተራ ጽሑፍ በሚለውጠው በኤችቲኤምኤልስፔሻልቻርስ አሳልፋችሁ አትሙት። ተጠቃሚ የጻፈውን ነገር ሳያሳልፉ ማተም በገጹ ውስጥ የሌላ ሰው ስክሪፕት እንዲሠራ በር ስለሚከፍት፣ ይህ የጥንቃቄም ጉዳይ ነው።

ቫር_ዳምፕ «ባሕር ዳር» ርዝመቱ 16 ነው ይላል፤ ፊደሎቹ ግን 5 ብቻ አይደሉም ወይ?

የሚቆጥረው ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነው። ፊደልን በባይት በሚወክለው በዩቲኤፍ8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ አምስቱ ፊደላት 15፣ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ 1፣ በድምሩ 16 ይሆናል። «ጣና» ስለዚህ 6 ነው። የፊደሉን ቁጥር የምትፈልጉ ከሆነ በባይት የሚቆጥረውን ስትርሌንን ትታችሁ ኤምቢ_ስትርሌንን ተጠቀሙ፤ እሱ ለ«ባሕር ዳር» ክፍት ቦታውን ጨምሮ 6 ይመልሳል።

ብዙ ሰው ይህን የባይት ቁጥር እንደ ጉድለት ያየዋል፤ በእኔ ግን በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ከቫር_ዳምፕ ውስጥ ይበልጥ የሚጠቅመው እሱ ነው። ዓይን የማያየውን ነገር ያጋልጣልና። «ባሕር ዳር» 15 ከሆነ ተጠቃሚው ክፍት ቦታ ሳይተው ጽፎታል፤ 17 ከሆነ ከፊቱ ወይም ከኋላው ትርፍ ክፍት ቦታ ተለጥፎበታል፣ ወይም በመካከሉ ያለው ከሌላ ሰነድ ተቀድቶ የመጣ ባለ 2 ባይት የማይሰበር ክፍት ቦታ ነው፤ 18 ከሆነ ደግሞ ቃላቱን የለየው ሁለት ነጥብ ሊሆን ይችላል፤ እሱም እንደ ፊደሎቻችን 3 ባይት ነው። ትሪም ተራውን ክፍት ቦታ ከዳርና ከዳር ሲያነሣ፣ የማይሰበረውን ክፍት ቦታ ግን እንደማያነሣ አስታውሱ።

ረጅም ስም በሳብስትር ተቆርጦ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሳብስትር በባይት ስለሚቆርጥ ከ«ባሕር ዳር» 4 ባይት ብትጠይቁት «ባ» እና የ«ሕ» አንድ ሦስተኛ ይሰጣችኋል። መቁረጥ ያለበት ኤምቢ_ሳብስትር ነው።

በጄሰን_ኢንኮድ ሳትመው ፊደሎቻችን ወደ ቁጥር የሚለወጡት ለምንድን ነው?

መረጃን ጄሰን ወደተባለው የመለዋወጫ አጻጻፍ የሚለውጠው ጄሰን_ኢንኮድ ካልተነገረው በቀር ከእንግሊዝኛው ፊደል ውጪ ያለውን ሁሉ በዩኒኮድ ቁጥሩ ይጽፈዋል፤ «ጣና» በ1323 እና በ1293 የተወከለው በዚህ መንገድ ነው። መረጃው አልተበላሸም፤ ለንባብ ግን አይመችም። «ጄሰን አንኤስኬፕድ ዩኒኮድ» የተባለውን ምርጫ ስትጨምሩ ፊደሎቹ ተመልሰው ይታያሉ፤ «ጄሰን ፕሪቲ ፕሪንት» ሲታከልበት ደግሞ ውጤቱ በየመስመሩ ገባ ወጣ እያለ ይደረደራል። ሁለቱም ከፒኤችፒ 5.4 ጀምሮ ያሉ ናቸው።

ጄሰን_ኢንኮድ ጨርሶ ባዶ ከመለሰ በሳብስትር የተቆረጠ ፊደል ፈልጉ። ትክክለኛ ያልሆነ ዩቲኤፍ8 ሲያጋጥመው የሚመልሰው ፎልስ ነውና፣ ኤኮ ያንን ባዶ አድርጎ ያሳያችኋል። ከፒኤችፒ 7.3 ጀምሮ ባለው «ጄሰን ስሮው ኦን ኤረር» ስሕተቱ በግልጽ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል።

ቫር_ኤክስፖርት ለምን ይጠቅማል?

የሚያትመው መልሶ በፒኤችፒ ሊነበብ የሚችል ኮድ ነው። ችግር የፈጠረውን የአንድ ተሳፋሪ መዝገብ በቫር_ኤክስፖርት አትማችሁ በሌላ ፋይል ላይ ብትለጥፉት፣ ቅጹን ደጋግማችሁ ሳትሞሉ ስሕተቱን ለይታችሁ መመርመር ትችላላችሁ። እርስ በርሳቸው ተመልሰው የሚጠቋቆሙ ኦብጀክቶችን ግን አይችልም።

ቫር_ዳምፕ ጽፌ ሳለ በገጹ ላይ ምንም አይታይም፤ የት ሄደ?

አብዛኛውን ጊዜ ከቫር_ዳምፑ በኋላ ገጹ ወደ ሌላ ገጽ እንዲዞር የሚያዝ መስመር አለ። ከፒኤችፒ ጋር በሚመጡት የማዋቀሪያ ናሙናዎች ውስጥ 4096 ባይት የሚይዝ የውጤት ማቆያ ስለሚበራ፣ ያተማችሁት እዚያ ተይዞ ሳለ ብራውዘሩ ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። ማቆያው ከጠፋ ደግሞ «ሄደሮቹ (ከገጹ ይዘት በፊት የሚላከው መረጃ) ቀድመው ተልከዋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ታያላችሁ። ከቫር_ዳምፑ ቀጥሎ ኤግዚት መጻፍ ሁለቱንም ያስቆማል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥያቄው ከጃቫስክሪፕት የተላከ መሆኑ ነው። ውጤቱ የሚደርሰው ወደ ስክሪፕቱ እንጂ ወደ ገጹ አይደለም፤ በብራውዘሩ የገንቢ መሣሪያ ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለውን ከፍታችሁ መልሱን ማንበብ ትችላላችሁ። ነገር ግን ስክሪፕቱ ጄሰን እየጠበቀ ሳለ ቫር_ዳምፕ ስለሚቀላቀልበት ማንበብ ያቅተውና ሌላ ስሕተት ይፈጠራል፤ እሱን ሲያሳድዱ የሚውሉ ሰዎችን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ የሚሻለው በኤረር_ሎግ ወደ መዝገብ መጻፍ ነው። ለኤረር_ሎግ የሚሰጠው ስትሪንግ ስለሆነ፣ አሬዩን በፕሪንት_አር ከሁለተኛው መለኪያ ትሩ ጋር ወደ ስትሪንግ ለውጡት፤ ከፊቱም «ከክፍያ በፊት» የሚል ዓይነት መለያ ጨምሩበት፣ አለዚያ የትኛው መስመር ከየት እንደመጣ ይጠፋችኋል። መዝገቡ በኡቡንቱ ላይ ባለው አፓቺ በተባለው የድረ ገጽ አገልጋይ በቫር ማህደር፣ በሎግ ሥር፣ አፓቺ2 በተባለው ውስጥ ይገኛል፤ አፓቺንና ፒኤችፒን አንድ ላይ በሚጭነው በዛምፕ ደግሞ በአፓቺ ማህደር ውስጥ ሎግስ በተባለው ሥር ነው። በኡቡንቱ «ቴይል» የተባለውን ትእዛዝ ከኤፍ ምርጫው ጋር በሌላ መስኮት ከፍታችሁ ብትተዉት አዲሱ መስመር በተጻፈ ቁጥር ፊት ለፊታችሁ ይወጣል።

በአፓቺ መዝገብ ውስጥ አማርኛው ሊነበብ የማይችል ሆኖ የሚወጣው ለምንድን ነው?

አፓቺ ለጥንቃቄ ሲል በስሕተት መዝገቡ ላይ ከእንግሊዝኛው ፊደል ውጪ ያለውን እያንዳንዱን ባይት በሄክሳ (በ16 መሠረት) ቁጥር ይተካዋል፤ «ጣና» ስድስት የቁጥር ቁርጥራጭ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በፒኤችፒ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ኤረር_ሎግ የሚለውን ወደ ራሱ ፋይል ብታመለክቱት ፒኤችፒ በቀጥታ ስለሚጽፍ ፊደሎቹ እንዳሉ ይቀመጣሉ። ያ ፋይል ሰው በብራውዘር ሊከፍተው በሚችልበት ማህደር ውስጥ መሆን የለበትም።

ሒሳቡ በኤኮ 115 ሆኖ ሳለ ዳታቤዙ ውስጥ 114 የገባው እንዴት ነው?

የ100 ብር ትኬት ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለመደመር 100ን በ1.15 ስታበዙ፣ ኮምፒውተሩ 1.15ን በትክክል መያዝ ስለማይችል ውጤቱ ከ115 እጅግ በጥቂቱ ያንሳል። ኤኮ ቁጥሩን በ14 አሐዝ አጠጋግቶ ስለሚያትም 115 ይላል። ቫር_ዳምፕ ከፒኤችፒ 7.1 ወዲህ 114.99999999999999 ብሎ ያለውን ያሳያል፤ ወደ ኢንቲጀር ሲለወጥም ከነጥቡ ወዲያ ያለው ተቆርጦ 114 ይሆናል። ገንዘብን በሳንቲም፣ ሙሉ ቁጥር አድርጎ መያዝ ወይም ከመለወጥ በፊት በራውንድ ማጠጋጋት ችግሩን ያስወግዳል።

የጀልባው መነሻ ሰዓት ለምን የተሳሳተ ሆኖ ይታያል?

የዴትታይም ኦብጀክትን በቫር_ዳምፕ ስታትሙ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሰዓት ቀጠናውን ዓይነት እና የቀጠናውን ስም ያሳያችኋል፤ መታየት ያለበት ሦስተኛው ነው። ፒኤችፒ ካልተነገረው በቀር የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ የእኛ ሰዓት ከእሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በዛምፕ የተጫነ ከሆነ ደግሞ ቀጠናው «አውሮፓ በርሊን» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከባሕር ዳር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚነሣ ጀልባ በውጭው አቆጣጠር 9 ሰዓት፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ሦስቱም ቁጥሮች ያንኑ ቅጽበት ስለሚያመለክቱ፣ ስሌቱን ከማረማችሁ በፊት የትኛውን እያያችሁ እንደሆነ ከቀጠናው ስም አረጋግጡ።

ከዳታቤዝ የመጣው ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው፤ መረጃው ጠፍቷል ማለት ነው?

መልሱ ርዝመቱ ላይ ነው። «ጣና» 6 ባይት ሆኖ ሳለ በብራውዘሩ የተበላሸ ከመሰለ መረጃው ደኅና ነው፤ የጎደለው ገጹ በዩቲኤፍ8 እንደተጻፈ የሚናገረው መስመር ነው። ርዝመቱ 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባይቶቹ እንደ ሌላ ፊደል ተቆጥረው ሁለተኛ ጊዜ ወደ ዩቲኤፍ8 ተለውጠዋል።

ርዝመቱ 2 ሆኖ የሚታየውም ሁለት የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ዳታቤዙ ፊደሎቹን መያዝ ወደማይችል እንደ ላቲን1 ወዳለ አጻጻፍ ለውጧቸዋል ማለት ነው። ይህ ሲነበብ የተደረገ ከሆነ ዋናው መረጃ በዳታቤዙ ውስጥ አለ፤ የግንኙነቱን አጻጻፍ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ስታደርጉት ይመለሳል። ሲጻፍ የተደረገ ከሆነ ግን የሚመልሰው ነገር የለም፤ ከመጠባበቂያ ቅጂ ወይም ከወረቀት መዝገብ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። በየትኛው ጊዜ እንደተደረገ ለማወቅ ያንኑ መዝገብ በዳታቤዝ ማስተዳደሪያው በፒኤችፒማይአድሚን ከፍታችሁ ተመልከቱ።

ጥልቅ የሆነው አሬይ ከመካከሉ በነጥብ ነጥብ የሚቆረጠው ለምንድን ነው?

ኤክስዲበግ የተባለው የስሕተት መፈለጊያ ተጭኖ ከሆነ ቫር_ዳምፕን በራሱ፣ ቀለም ባለው ማሳያ ይተካዋል፤ ካልተነገረው በቀርም እስከ 3 ደረጃ ጥልቀት፣ እስከ 128 አባላት እና እስከ 512 የሚደርስ የስትሪንግ ርዝመት ብቻ ያሳያል። ሦስቱም በማዋቀሪያው ሊጨመሩ ይችላሉ፤ -1 ስትሰጧቸው ገደቡ ይነሣል። ይሁንና አሬዩን ሁሉ ከማተም የምትፈልጉትን ቁልፍ ብቻ ነጥሎ ማተም የተሻለ ነው። «ሪከርሽን» የሚል ቃል ካያችሁ ደግሞ ኦብጀክቱ ተመልሶ ራሱን እየጠቆመ ነውና ስሕተት ላይሆን ይችላል።

ላራቬል የተባለውን የፒኤችፒ ማዕቀፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ዲዲ የተባለው ፋንክሽን አትሞ ወዲያው ፕሮግራሙን ያቆማል። ማተሙ ራሱ ሲያታክታችሁ ወደ ኤክስዲበግ መስመር በመስመር ማስኬጃ መሻገር ይገባል፤ ከ3ኛው ዕትም ጀምሮ ከኤዲተሩ ጋር የሚገናኘው በፖርት 9003 ነው።

ሥራ ላይ ባለ ገጽ ላይ እንዲህ ማተም ይቻላል?

አይገባም። ለጥቂት ደቂቃ ብሎ የተጨመረ አንድ ቫር_ዳምፕ ሳይነሣ ቀርቶ የተሳፋሪዎች ስምና ስልክ ለማንም ሲታይ ያደረበትን ገጽ አውቃለሁ፤ የእነዚያ ሰዎች አመኔታ ደግሞ በኮድ ማስተካከያ አይመለስም። በሥራ ገጽ ላይ ዲስፕሌይ_ኤረርስ መጥፋት፣ ሎግ_ኤረርስ መብራት አለበት። ወደ መዝገብ የምትጽፉትም የይለፍ ቃልን መያዝ የለበትም፤ ከፒኤችፒ 8.2 ጀምሮ «ሴንሲቲቭ ፓራሜተር» የሚል ምልክት የተደረገበት መለኪያ በስሕተት ዱካ ውስጥ ዋጋው ተሸፍኖ ይወጣል።

ሁለት ስሞች በዓይን አንድ ናቸው፣ ርዝመታቸውም እኩል ነው፤ ንጽጽሩ ግን እኩል አይደሉም የሚለው ለምንድን ነው?

በአማርኛ ገጽ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አንዱ «ባሕር ዳር» ብሎ፣ ሌላው «ባህር ዳር» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም 16 ባይት ናቸው፣ ለሚያነባቸውም አንድ ናቸው፤ ለፒኤችፒ ግን «ሕ» እና «ህ» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። «ዓሣ»፣ «ዓሳ»፣ «አሣ» እና «አሳ» ብለን አራት ዓይነት እንጽፋለን፤ አራቱም 6 ባይት ናቸው። እዚህ ላይ ቫር_ዳምፕም ስለማይበቃ ሁለቱን ስትሪንጎች ባይቶቹን በሄክሳ ቁጥር በሚያሳየው በቢን2ሄክስ አሳልፋችሁ አንዱን ከሌላው ሥር አትሟቸው። የሁለተኛው ፊደል የመጨረሻ ጥንድ በ«ሕ» 95፣ በ«ህ» 85 ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ የቀረው ሁሉ ይገጥማል።

መፍትሔው ሁሉንም በአንድ አጻጻፍ እንዲጽፉ ሰዎችን ማስገደድ አይደለም። የሰው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው በአንድ ዓምድ ይቀመጥ፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ደግሞ ይኑር። በዚህኛው ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነእርባታቸው አንዱን ፊደል በሌላ በሚተካው በስትርትር ይለወጡበት፤ በአማርኛ ሲነበቡ የማይለዩት ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ አይረሱ። ፈላጊው የሚጽፈውም ከመነጻጸሩ በፊት በዚያው ለዋጭ ማለፍ አለበት። ከዚያ በኋላም የማይገጥም ስም ካጋጠማችሁ የተለወጡትን ሁለቱን በቢን2ሄክስ አትሙ፤ ሳይለወጥ የቀረው ፊደል የትኛው እንደሆነ ከመጀመሪያው የማይመሳሰል ጥንድ ላይ ይታያል።